የሚፈራና የሚጨነቅ ልጅ ላላቸው የደሴና የኮምቦልቻ ወላጆች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጠዋት ለትምህርት ቤት ሲነሳ ሆዱን የሚቆርጠው፣ እናቱ ከዓይኑ ስትርቅ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ መብራት ሲጠፋ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ያለው ወላጅ በደሴም በኮምቦልቻም ብዙ ነው። አብዛኛው ወላጅ "ልጁን ላምጣውና እዩልኝ" ብሎ ይጀምራል። እዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ግን ልጁ ይቆይ፣ መጀመሪያ እርስዎ ይምጡ የሚል ነው። ጥያቄዎቹ ወላጆች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው፤ አንዳንዶቹ አጭር መልስ ይበቃቸዋል፣ አንዳንዶቹ ላይ ግን ረዘም አድርገን ቆይተናል።

ይህ ሐሳብ ከየት መጣ?

ዶክተር ኢሊ ሌቦዊትዝ በአሜሪካ ኒው ሄቨን ከተማ በሚገኘው የዬል ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ጥናት ማዕከል የሚሠሩ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ናቸው። የሚያጠኑት የልጆችን ጭንቀት ሲሆን፣ ትኩረታቸውን የሳበው በልጁ ዙሪያ ያሉ ሰዎች የሚያደርጉት ነገር ነው። ልጅ ሲፈራ ቤተሰቡ ሁሉ ይንቀሳቀሳል፤ አብሮት ይተኛል፣ በእሱ ፈንታ ይናገራል፣ ከሥራ ይቀራል፣ ከመንገድ ይመለሳል። የሚጨነቅ ልጅ ያላቸው ወላጆች ሁሉም ማለት ይቻላል ይህን ያደርጋሉ። ሌቦዊትዝ ከዚህ ተነስተው "ስፔስ" የሚባል ሕክምና ቀረጹ። ወደ ባለሙያው የሚመላለሰው ወላጅ ነው፤ ልጁ ለሕክምና አንድም ቀን ላይሄድ ይችላል።

በፈረንጆቹ 2019 ይፋ ባደረጉት ጥናት ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 14 ዓመት የሆኑ 124 ልጆች ተካተዋል። የአንደኛው ቡድን ልጆች ራሳቸው ከባለሙያ ጋር እየተገናኙ የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ወሰዱ፤ ይህ ለልጆች ጭንቀት በብዙ ጥናት የተፈተነው ሕክምና ነው። በሌላው ቡድን ግን የሠለጠኑት ወላጆች ብቻ ናቸው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለ12 ሳምንት። ሲለካ ወላጆቻቸው ብቻ የሠለጠኑላቸው ልጆች መሻሻል ራሳቸው ከታከሙት ልጆች አላነሰም።

ለእኛ ከተማ ይህ ትልቅ ዜና ነው ብዬ አምናለሁ። የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ለማይችል ቤተሰብ፣ ቤቱ ውስጥ ሊጀምረው የሚችል ነገር አለ ማለት ነውና።

እንግዲያው ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ጭንቀት በከፊል በዘር ይወረሳል፤ በከፊል ልጁ ይዞት ከሚወለደው ጠባይና ከሚደርስበት ነገር ይመጣል። ከአንድ እናትና አባት ተወልደው በአንድ ጣሪያ ሥር ካደጉ ሦስት ልጆች አንዱ ብቻ ሊጨነቅ ይችላል። ሕክምናው በወላጅ በኩል የሚያልፈው ልጁ ሲፈራ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ወላጁ ስለሆነ ነው።

የልጄ ፍርሃት ተራ ነው ወይስ የሚያሳስብ?

ፍርሃት ዕድሜ አለው። ዓመት ያልሞላው ሕፃን የማያውቀው ሰው ሲያቅፈው ያለቅሳል፤ የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ ጨለማና ጅብ ይፈራል፤ ትምህርት ቤት ሲገባ ደግሞ የጓደኛ ሳቅና የፈተና ውጤት ያስጨንቀዋል። የ6ኛ ወይም የ8ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ለጥቂት ቀናት እንቅልፍ ያጣ ልጅ ታሟል አይባልም። የክረምቱ ነጎድጓድ ጦሳ ላይ ሲያስተጋባ እናቱ ላይ የሚለጠፍ ሕፃንም እንዲሁ።

የሚያሳስበው ፍርሃቱ ኑሮውን መቀማት ሲጀምር ነው። ከትምህርት ቤት ያስቀረዋል? ከጓደኞቹ ጋር እንዳይጫወት፣ ዘመድ ቤት እንዳያድር፣ ተርቦም "ስጡኝ" እንዳይል ያደርገዋል? ቤተሰቡ ዕቅዱን ሁሉ በእሱ ፍርሃት ዙሪያ ማውጣት ጀምሯል? ባለሙያዎች ጊዜውንም ያያሉ፤ ከወላጅ የመለየት ፍርሃት በልጅ ላይ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ሌሎቹ የጭንቀት ዓይነቶች በአብዛኛው 6 ወር ሲዘልቁ ነው ሕመም የሚባሉት። ወላጅ ግን ልጁን ለመደገፍ ያን ያህል መጠበቅ የለበትም።

ጠዋት ጠዋት "ሆዴን" ይላል፤ ቅዳሜና እሑድ ደህና ነው። እያስመሰለ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ እያስመሰለ አይደለም። ፍርሃት ልብን ያስመታል፣ ጡንቻን ያስጨብጣል፣ ሆድን ያውካል። ልጅ ደግሞ "ጨንቆኛል" ከማለት ይልቅ "ሆዴን አመመኝ" ማለት ይቀለዋል።

አንድ ጊዜ በደንብ ይመርመር፤ ጃርዲያም የሆድ ትልም እዚህ አካባቢ የተለመዱ ናቸውና ሳይታዩ መታለፍ የለባቸውም። ክብደት ከቀነሰ፣ ካስታወከው፣ ትኩሳት ካለው ወይም ሕመሙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው ከሆነ ወደ ጤና ተቋም መመለስ ግድ ነው። ምርመራው ነጻ ሆኖ ሕመሙ ሰኞ ጠዋት እየመጣ ዓርብ ከሰዓት የሚጠፋ ከሆነ ግን በየወሩ ሰገራ እያስመረመሩ መድኃኒት መለዋወጥ ለልጁ አንድ ትምህርት ብቻ ይሰጠዋል፤ "በእርግጥ ታምሜአለሁ" የሚል። ያኔ ወደ ፍርሃቱ ፊትን ማዞር ይሻላል።

"ፍርሃቱን ማስታመም" የምትሉት ምንድን ነው? ልጄን ማባበሌ ምን ክፉ ነገር አለው?

የሌቦዊትዝ ሥራ እምብርት ያለው እዚህ ላይ ነው።

ልጁ ውሻ ይፈራል እንበል። እናት ውሻ ያለበትን ሰፈር ትታ ዙሪያውን ይዛው ትሄዳለች። ልጁ ወዲያው ተረጋጋ፣ እሷም ተረጋጋች። ነገ ሌላ ሰፈር ይጨመራል፤ ከነገ ወዲያ ልጁ ከአጥር አይወጣም። በየመሃሉ የተደረገው ነገር ሁሉ በፍቅር የተደረገ ነው። ልጁ የተማረው ግን ሁለት ነገር ነው፤ "ውሻው በእርግጥ አደገኛ ነው" እና "እኔ ብቻዬን አልችለውም"። ፍርሃቱ ሊያልፍ የሚችል ነገር መሆኑን የሚያይበት ዕድል አላገኘም።

ማስታመም ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ወላጅ በፍርሃቱ ሥራ ውስጥ ሲገባ ነው፤ አንድን ጥያቄ ሃያ ጊዜ መመለስ ("እማዬ አትሞቺም አይደል?")፣ በሩ መቆለፉን አብሮ ደጋግሞ ማየት፣ እንግዳ "ስምህ ማን ነው?" ሲለው በልጁ ፈንታ መመለስ። ሁለተኛው የቤተሰቡ ኑሮ ሲለወጥ ነው። ለምሳሌ ልጅቷ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስለምትፈራ ኮምቦልቻ ያለችው አያት በዓል ሳትጠየቅ ቀረች። ወንድምየው ብቻውን አልተኛም ስላለ አባት ለወራት ሌላ ክፍል አደረ።

የቱ ማስታመም፣ የቱ ተራ እንክብካቤ እንደሆነ ለመለየት አንድ ጥያቄ ራስዎን ይጠይቁ፤ "ልጄ ባይፈራ ኖሮ ይህን አደርግ ነበር?" ቤተሰቡ በአንዲት ክፍል የሚኖር ከሆነ ልጅ ከእናቱ ጎን መተኛቱ ኑሮ ነው፤ ማንም ስህተት ሊለው አይገባም። ውጭ አገር የተጻፈ ምክር ሁሉ ልጅ የራሱ መኝታ ቤት እንዳለው አድርጎ ስለሚያወራ ይህን ማስታወሱ ያስፈልጋል።

"አይዞህ፣ ምንም የለም" እለዋለሁ እኮ። አይበቃም?

"አይዞህ" ጥሩ ነው። "ምንም የለም" የሚለው ነው የማይሠራው፤ ለእሱ አለ፣ ልቡ እየመታ ነው።

ሌቦዊትዝ ወላጆች ሁለት ነገር በአንድ ላይ እንዲናገሩ ያስተምራሉ። የመጀመሪያው መቀበል ነው፤ ፍርሃቱ እውነት እንደሆነ፣ እንደሚያስቸግረው ማመን። ሁለተኛው መተማመን ነው፤ ሊቋቋመው እንደሚችል እርግጠኛ መሆን። "በጣም እንደፈራሽ አይቻለሁ፤ ግን ትችይዋለሽ።" "ከባድ ነው፣ ገብቶኛል። ይህን ስሜት ይዘህም ክፍል መግባት እንደምትችል አውቃለሁ።" አጭር፣ ረጋ ያለ፣ ያለ ክርክር።

ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ይበላሻል። መቀበሉ ብቻ ሲኖር "የኔ ሆድ፣ አንተ አትችልም፣ እኔ አደርግልሃለሁ" ይሆናል። መተማመኑ ብቻ ሲኖር ደግሞ "ተነስ፣ ምን ያስፈራል፣ ትልቅ ሰው አይደለህ!" ይሆንና ልጁ ብቻውን ይቀራል። በብዙ ቤት እናት የመጀመሪያውን፣ አባት ሁለተኛውን ይዘው ይከራከራሉ፤ ሁለቱም ግማሹን ይዘዋል። የወሎ እናቶች ልጅ ሲደነግጥ ቀስ ብለው "አብሽር" ሲሉ አብረውት ቁጭ ይላሉ፣ እጁንም ይይዛሉ፤ ያ ድምፅና ያ እርጋታ እንዳለ ይቆይ፣ "ትችለዋለህ" የሚለው ብቻ ይጨመርበት።

እሺ፣ ከምን ልጀምር?

ከመጻፍ። አንድ ሳምንት ሙሉ በደብተር ላይ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ለልጁ ፍርሃት ብለው የሚያደርጉትን ይመዝግቡ። ማን እንደሚያደርገው፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ። አብዛኛው ወላጅ ዝርዝሩን ሲያየው ይደነግጣል፤ ይህን ያህል መሆኑ አይታወቀውም።

ከዚያ ከዝርዝሩ አንድ ብቻ ይምረጡ። በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ የሚደጋገም፣ እርስዎ የሚያዙበት እና ከሁሉም ያልከበደ ይሁን። ሁሉንም በአንድ ቀን መተው ጭካኔ ይሆናል፣ አይዘልቅምም።

ምሳሌ ልስጥ። እናት ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች። የ10 ዓመት ልጇ ከአያቱ ጋር ይውላል። እናት ከወጣች ሰዓት ጀምሮ በአያቱ ስልክ ይደውላል፤ "ደህና ነሽ? መቼ ትመጫለሽ?" ካላነሳች ያለቅሳል፤ አያትም ሆዳቸው ስለማይችል ደጋግመው ይደውሉለታል። እናት በየመሃሉ ወደ መጸዳጃ ቤት እየወጣች ትመልሳለች፣ አለቃዋም ተቆጥቷታል። እዚህ ቤት የሚመረጠው ነገር ስልኩ ነው።

ዕቅዱ የሚወጣው ወላጅ በሚያደርገው ላይ እንጂ ልጅ በሚያደርገው ላይ አይደለም። "ከዛሬ ጀምሮ አትደውል" ማለት ልጁን ማዘዝ ነው፤ እምቢ ካለ ጠብ ይከተላል። "ከሰኞ ጀምሮ 6 ሰዓት ላይ በእረፍቴ አንድ ጊዜ እደውልልሃለሁ፤ ከዚያ ውጭ ስልክ አላነሳም" ማለት ግን እናት በራሷ ላይ ያወጣችው ነው። ልጁ ቢስማማም ባይስማማም ልትፈጽመው ትችላለች። ለእውነተኛ ችግር፣ ትኩሳትም ሆነ አደጋ፣ ከአያት ጋር የተለየ መንገድ ይበጃል፤ ለምሳሌ አያት ራሳቸው አጭር መልእክት እንዲልኩ፣ ወይም ፋብሪካው በር ላይ ያለው ሰው እንዲጠራት።

ከመጀመርዎ በፊት ለልጁ ይነገረው። ተረጋግቶ በሚጫወትበት ሰዓት እንጂ ሲያለቅስ አይደለም። ሌቦዊትዝ በወረቀት ጽፎ ማንበብን ይመክራሉ፤ ወላጅ ከመስመር እንዳይወጣ ይረዳል፣ ልጁም ደግሞ ሊያነበው ይችላል። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

"ልጄ፣ ሥራ ስሄድ እንደምትጨነቅ አውቃለሁ። ቀላል አይደለም። እስካሁን በደወልክ ቁጥር አነሳ ነበር፤ እንደሚረዳህ አስቤ ነው። አሁን ግን ጭንቀትህን እንዳበረታው ገብቶኛል። ከሰኞ ጀምሮ 6 ሰዓት ላይ አንድ ጊዜ እደውልልሃለሁ። መጀመሪያ ላይ ሊከብድህ ይችላል። እንደምትችለው ግን እርግጠኛ ነኝ። እወድሃለሁ።"

ከዚያ ያሉትን መፈጸም። ልጁ ከእንቅልፍ ሲነሳ ያለው ጭንቀትም ሆነ የሠፈሩ ሐሜት ዕቅዱን እንዳያስለውጥዎ።

ሲያለቅስ፣ ሲጮህ፣ "አትወጂኝም" ሲለኝስ?

ይለዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ ልጆች ይብስባቸዋል፤ ጮኸው፣ ዕቃ ወርውረው፣ ወይም አንጀት በሚበላ ድምፅ ለምነው ወደ ድሮው ሊመልሱዎት ይሞክራሉ። ይህ ዕቅዱ መክሸፉን አያሳይም።

በዚያ ሰዓት አይከራከሩ፣ አይሰብኩ፣ አይቆጡ። ያቺኑ አጭር ቃል አንድ ሁለት ጊዜ ይበሉ፣ ከዚያ ዝም ብለው በእርጋታ ይቆዩ። የሌቦዊትዝ አሠራር እዚህ ላይ ከእስራኤላዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሐይም ኦመር ሥራ ጋር ይገናኛል፤ ኦመር ወላጆች ያለ ዱላና ያለ ጩኸት ጸንተው መቆም እንደሚችሉ ያስተማሩ ሰው ናቸው፣ ሁለቱም አብረው ሠርተዋል። ጭንቀት ማዕበሉ ያልፋል፤ የልጁ ሰውነት በዚያ ልክ ፈርቶ ለረጅም ሰዓት መቆየት አይችልም። ሲያልፍ ደግሞ ያመስግኑት፤ "ከበደህ፣ ግን አሳለፍከው።" ሽልማት የግድ አያስፈልግም።

አባቱ "ወንድ ልጅ አይፈራም" ይላል፣ አንዳንዴም ይመታዋል። አያቱ ደግሞ ያባብሉታል። መሃል ላይ ተቸገርኩ።

ስለ ዱላው በግልጽ እንናገር፤ በፍርሃት የሚንቀጠቀጥን ልጅ መምታት ፍርሃቱን አያጠፋም። ልጁ ከቀድሞው ፍርሃት ላይ አባቱን መፍራት ይጨምራል፣ ከዚያም መናገር ያቆማል። "ቦቅቧቃ"፣ "ሽንታም" የሚሉ ስሞችም ከዱላው አይተናነሱም። እንዲታዘዝ ብሎ "ጅቡ መጣልህ"፣ "ሐኪሙ መርፌ ይወጋሃል" እያሉ ማስፈራራትም ለሚጨነቅ ልጅ ቤት የሚገባ ልማድ አይደለም፤ ክትባት ሲደርስ የሚከፈለው እዳ ነው።

አባትን በክስ አይጀምሩት። ልጁ እንዲጠነክር መፈለጉ ትክክል ነው፤ ይህ ዕቅድም የሚፈልገው ያንኑ ነው። "አንተ እንዲችል ትፈልጋለህ፣ እኔም እፈልጋለሁ፤ ለአንድ ወር በዚህኛው መንገድ እንሞክረው" ቢባል ብዙ አባቶች ይሰማሉ። አያትን ደግሞ ከዕቅዱ ውጭ አድርጎ የሚሳካ ነገር የለም፤ በኮምቦልቻው ምሳሌ ስልኩ በማን እጅ እንደነበር ያስታውሱ። አያት የማይችሉት ሲያለቅስ ማየት ነውና ሌላ ሥራ ይስጧቸው። "እማማ፣ እርስዎ ሲያለቅስ 'ልጄ ትችለዋለህ' ይበሉትና ቡና አብሮዎት ያቀራርብ" ማለት "አይደውሉለት" ከማለት ይቀላል።

ጎረቤት ማስገባት ነውር አይሆንም?

ሌቦዊትዝ ወላጆች ብቻቸውን እንዳይሸከሙት የሚደግፉ ሰዎችን እንዲያስገቡ ይመክራሉ። እነሱ አጎትና ጓደኛ በስልክ ያስደውላሉ፤ እኛ ዘንድ ግን ከአቦል እስከ በረካ አብሮ የሚቀመጥ ጎረቤት አለ። ልጁ የሚወዳቸውን አንድ ሁለት ሰው ይምረጡና "ትናንት ብቻህን ሱቅ ሄድክ አሉ፣ ጎበዝ!" እንዲሉት ይንገሯቸው። ጉዳዩን ለቡናው ሁሉ መዘርዘር ግን አይገባም። ልጁ ባለበት "ይሄ እኮ ፈሪ ነው" ተብሎ የሚሳቅ ከሆነ፣ እንግዳም ቢሆን በጨዋ ቃል ይቁረጡት።

ልጄ የ2014ቱ ጦርነት ሲገባ ሕፃን ነበር። ፍርሃቱ ከዚያ ነው የጀመረው።

ጥቅምት 2014 መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ በእግራቸው የተሰደዱ፣ የተኩስ ድምፅ እየሰሙ ቤት ውስጥ የሰነበቱ ልጆች አሁን ትምህርት ቤት ናቸው። በር በኃይል ሲዘጋ የሚዘሉ፣ የሠርግ ርችት ሲሰሙ አልጋ ሥር የሚገቡ አሉ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ልጁ ያየውን በቅዠት ደጋግሞ የሚያይ፣ በጨዋታው ውስጥ ደጋግሞ የሚያሳይ፣ ያንን ነገር ከሚያስታውሰው ሁሉ የሚሸሽ፣ ወይም ስሜት አልባ የሆነ ከመሰለ፣ ይህ ከተራ ጭንቀት የተለየ የአእምሮ ቁስል ሊሆን ይችላል። የራሱ ሕክምና ስላለው ወላጅ ብቻውን ሊጋፈጠው አይገባም።

ሁለተኛው ጥንቃቄ አደጋው እውነት ሲሆን ነው። ተኩስ ሲሰማ፣ መንገድ አስጊ ሲሆን ልጅን ቤት ማስቀረት ጥበቃ ነው፤ ያቺው ጥያቄ ትለየዋለች። ልጁ ባይፈራም ያስቀሩት ነበር። መንገዱ ሰላም ሆኖ፣ የጎረቤት ልጆች ሁሉ እየሄዱ፣ እሱ ብቻ ሲቀር ግን ነገሩ ሌላ ነው። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ሁለቱን መለየት ለወላጅ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አንዳንድ ቀን አይለይም። ባልለየበት ቀን ወደ ደህንነት ማድላት ይሻላል፤ ዕቅዱ ሲረጋጋ ይቀጥላል።

ጸበል ብወስደው፣ ዱዓ ባስደርግለትስ?

እምነትዎ ከዚህ ሥራ ጋር አይጣላም። የቤተ ክርስቲያን ጸሎትም የመስጊድ ዱዓም ለወላጅ ልብ እርጋታ ይሰጣል፣ የወላጅ እርጋታ ደግሞ ለልጁ ይተርፋል። ሁለት ነገር ብቻ ይጠበቅ፤ ልጁ በግድ እንዳይያዝና እንዳይደበደብ፣ በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ካለም በራስ ፈቃድ እንዳይቋረጥ።

ክፍል ውስጥ አንድ ቃል አይናገርም፤ ቤት ግን ለፍላፊ ነው።

ይህ እልህ ወይም ንቀት አይደለም፤ በተወሰነ ቦታ ድምፅን የሚዘጋ የታወቀ የጭንቀት ዓይነት ነው። መምህሩን ቀርበው ያነጋግሩ። በክፍል ፊት አስቁሞ "ተናገር" ማለት ያባብሰዋል፤ ጨርሶ አለመጠየቅም ያጸናዋል። መጀመሪያ በጭንቅላት ምልክት፣ ከዚያ ለአንድ ጓደኛ በሹክሹክታ፣ ከዚያ ለመምህሩ ብቻ፣ እያለ ደረጃ በደረጃ ይሄዳል። 60 እና 70 ተማሪ በያዘ ክፍል መምህር ላይ ሸክም መሆኑ እውነት ነው፤ ግን በቀን ሁለት ደቂቃ የሰጠ መምህር ብዙ ይለውጣል።

መድኃኒት ያስፈልገዋል?

ለአብዛኛው ልጅ የመጀመሪያው እርምጃ አይደለም። ከባድ ሲሆን የአእምሮ ሐኪም ሊያዝ ይችላል፤ ከፋርማሲ በራስ ገዝቶ የማረጋጊያ ክኒን መስጠት ግን ፈጽሞ አይደረግ።

እኔ ራሴ እጨነቃለሁ። ተላልፎበት ይሆን?

የሚጨነቁ ወላጆች ልጆች የመጨነቅ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው፤ ከፊሉ በዘር፣ ከፊሉም ልጅ ከወላጁ ፊት ስለሚያነብ። ይህ ግን ሥራውን አይከለክልዎትም፤ እንዲያውም ሆዱን ባር ባር ሲለው ምን እንደሚሰማው ከማንም በላይ ያውቃሉ። ፍርሃትዎን መደበቅ አይጠበቅብዎትም። "እኔም ሐረጎን ስወርድ እፈራለሁ፣ ግን እሄዳለሁ" የሚል ወላጅ ልጁን ብዙ ያስተምራል። የራስዎ ጭንቀት እንቅልፍ የሚነሳዎ ከሆነ ለራስዎም መታከም የልጁ ሕክምና አካል ነው።

በየሳምንቱ የሚያሠለጥነኝ ባለሙያ ከሌለስ?

የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲዋ ፕሮፌሰር ካቲ ክሬስዌል በእንግሊዝ ለዓመታት የሠሩት በዚሁ ላይ ነው። ወላጆች ከባለሙያ ጥቂት እገዛ እያገኙ ከ5 እስከ 12 ዓመት የሆኑ ልጆቻቸውን ራሳቸው እንዲረዱ አደረጉ። በፈረንጆቹ 2024 በታተመው ጥናታቸው 444 ቤተሰቦች ተካተዋል። ወላጆች በኢንተርኔት የቀረበ ትምህርት እየተከተሉ ባለሙያው በአጭር የስልክ ጥሪ ሲያግዛቸው፣ ውጤቱ ከተለመደው ሕክምና አላነሰም፤ የባለሙያው ሰዓት ግን ከ40 በመቶ በላይ ቀነሰ።

ያ ትምህርት በአማርኛ የተዘጋጀ አይደለም፤ ወደ እኛ ሲመጣም ቤታችንን የሚመስል ሆኖ መዘጋጀት አለበት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና በየትምህርት ቤቱ ያሉ የምክር አገልግሎት መምህራን ሠልጥነው ወላጆችን በስልክ ሊከታተሉ ይችላሉ ብዬ አምናለሁ፤ ስልክ በየቤቱ ገብቷል። እስከዚያው ሁለት ሦስት ወላጆች ተሰባስበው ዝርዝራቸውን እየተያዩ በየሳምንቱ ቢነጋገሩ ብቻን ከመሆን በብዙ ይሻላል።

ለውጥ የማየው መቼ ነው?

በተመረጠችው አንድ ነገር ላይ፣ ወላጅ ሳያወላውል ከያዘ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቅለል ይታያል። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ይሻገራሉ። ሕመም፣ ክረምት፣ ረጅም ዕረፍት ወደ ኋላ ይመልሱታል፤ መስከረም ላይ እንደገና መጀመር የተለመደ ነው።

ሆስፒታል መውሰድ ያለብኝ መቼ ነው? የትስ?

ልጁ ስለ መሞት ወይም ራሱን ስለ መጉዳት ካወራ በዚያው ቀን ይውሰዱት፤ "ልጅ ነው፣ ዝም ብሎ ነው" አይበሉ። ዕቅዱን ሲነግሩት እንዲህ ካለም ብቻውን አይተዉት፣ ዕቅዱን ለባለሙያ እስኪያማክሩ ያቆዩት። ምግብ ካቆመ፣ ለሳምንታት ትምህርት ቤት ካልረገጠ፣ የሌለ ድምፅ እሰማለሁ ካለ፣ ወይም ከጦርነቱ የቀረውን ቁስል ከላይ እንደገለጽነው ካሳየም እንዲሁ። አንድ ሰው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት እያደረሰበት ይሆናል የሚል ጥርጣሬ ካለ ደግሞ "ፍርሃቱን አናስታምም" የሚለው ምክር ፈጽሞ አይሠራም፤ ልጁ የሚፈራው ሰው ጋ እንዳይሄድ ማድረግና ለሕክምናም ለሕግም ማመልከት ነው የሚቀድመው።

በደሴ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ከቅርብ ጤና ጣቢያ መጀመርና ሪፈር ማስጻፍ ይቻላል። ሲሄዱ ያንን የሳምንት ደብተር ይያዙት፤ ልጁ የሚፈራው ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደጀመረ፣ እርስዎ ምን ምን እንደሚያደርጉለት የተጻፈበትን። ወረፋው ረጅም፣ ሐኪሙ የሚሰጥዎ ሰዓት አጭር ስለሚሆን፣ በደብተሩ ላይ ያለው ልጁ ፊት ጮክ ብለው ሊናገሩት የማይፈልጉትን ሁሉ ይነግርልዎታል።